ፊሌቶ ከማለታችሁ በፊት ዓሣውን እዩት

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፦

የበዓልና የረጅም ዕረፍት ሰሞን ሲመጣ የጋዜጦች የጉዞ ዓምድ ወደ ሐዋሳ ያዘነብላል። የሚጻፈውም ከዓመት ዓመት እምብዛም አይለወጥም፦ ፍቅር ሐይቅ ዳር ተንሸራሸሩ፣ ታቦር ተራራ ውጡ፣ ማለዳ ወደ ዓሣ ገበያው ወደ አሞራ ገደል ወርዳችሁ ጥሬ ዓሣ በሚጥሚጣ ቅመሱ፣ አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ ፎቶ አንሡ፣ ስትመለሱ ሁለት ሦስት ኪሎ ፊሌቶ በፌስታል አስቋጥሩ። ጸሐፊዎቹ ክፋት የለባቸውም። ዓሣውን ግን አያውቁትም፤ ከምክራቸው ውስጥ ሁለቱ ደግሞ አንዱ ሆድ የሚያሳምም፣ ሌላው ሐይቁን የሚጎዳ ነው። ስለዚህ ወደ ከተማችን የሚመጣ አንባቢ ገበያው ላይ ምን ማየት እንዳለበት ዘርዘር አድርጌ ብጽፍ ቦታ እንደማትነፍጉኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

የምለው በአጭሩ ይህ ነው፦ ሙሉውን ዓሣ ሳታዩ ፊሌቶ አትግዙ። አበው «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ሲሉ ሹማምንትን መንካታቸው ነበር፤ አሞራ ገደል ላይ ግን አባባሉ ቃል በቃል ይሠራል። ዓሣው መቼ እንደሞተ፣ ለአቅመ መራባት ደርሶ እንደሆነ፣ ትል ይኑርበት አይኑርበት፣ እንዲያውም የዚህ ሐይቅ ዓሣ መሆን አለመሆኑን የሚናገሩት ጭንቅላቱና ሆዱ ናቸው። ፊሌቶ ሲወጣ እነዚህ ሁሉ ተቆርጠው ይጣላሉ። የሚቀረው ነጭ ሥጋ ስለ ራሱ የሚናገረው ጥቂት ነው።

ከሰዓቱ ልጀምር። በሐዋሳ ሐይቅ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) በብዛት የሚያዘው በሚተከል መረብ ነው። አስጋሪዎቹ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ግድም በእንጨት ጀልባ ቀዝፈው መረቡን ይጥላሉ፤ ጎህ ሲቀድ ተመልሰው ያወጡታል። ዓሣው አንገቱን በመረቡ ዓይን ያስገባና ስንጥቡ (በጉንጩ ሥር ያለው መተንፈሻው) ላይ ይታነቃል፤ መተንፈስ ስለሚያቅተው ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። የሐይቁ ውሃ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ከ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ነው። እንግዲህ ከምሽቱ 2 ሰዓት የተያዘ ዓሣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ጀልባ ውስጥ ሲገባ ከሞተ 10 ሰዓት ሊሆነው ይችላል። ሊነጋ ሲል የተያዘው ግን አጠገቡ ገና ይወራጫል። ሁለቱ በአንድ ጀልባ መጥተው በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ። «ትኩስ ነው፣ አሁን የወጣ ነው» የሚለው ሻጭ አልዋሸም፤ ከሐይቁ የወጣው አሁን ነው። የሞተው መቼ እንደሆነ ግን እሱም አያውቅም።

የምታውቁት እናንተ ናችሁ፣ ካያችሁት። የጉንጩን ክዳን በአውራ ጣታችሁ ገለጥ አድርጉትና ስንጥቡን ተመልከቱ። ደማቅ ቀይ ከሆነ ሊነጋ ሲል የተያዘ ነው። ወደ ቡናማ ካደላ ቆይቷል። በጣም የሚያታልለው የገረጣው፣ ደሙ ታጥቦ የሄደ የሚመስለው ነው፤ ብዙ ሰው ንጹሕ መስሎት ይወስደዋል፤ ይህ ግን መረቡ ላይ ሞቶ ውሃ ውስጥ ያደረ ዓሣ ምልክት ነው። ዓይኑ ወደ ውጭ ሞላ ያለና ጥቁሩ የጠራ ይሁን፤ ጎድጎድ ብሎ ደመና የለበሰውን ተዉት። ጎኑን በጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ሥጋው ካልተመለሰና የጣት ቦታ ካስቀረ ሌላ ምረጡ። የቅርፊቱን ማብረቅረቅ አትመኑ፤ በየአፍታው ውሃ ስለሚረጭበት የትናንቱም ያብረቀርቃል።

ሆዱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቆሮሶ በአብዛኛው አልጌ በሊታ ነው፤ አንጀቱ ረጅም ሲሆን ዘወትር በአረንጓዴ ነገር የተሞላ ነው። ዓሣው ከሞተ በኋላ ሆድቃው ውስጥ ያለው መፈጨቱን አያቆምም፤ የሆድ ግድግዳውንም መብላት ይጀምራል። ለዚህ ነው በሞቃት ቀን ሆዱ ሳይከፈት የዋለ ቆሮሶ እምብርቱ አካባቢ ልል የሚለው፣ ቆይቶም የሚፈነዳው። ሆዱ ጠበቅ ያለውን መርጣችሁ ወዲያው ሆድቃውን አስወጡት። ሲወጣ ሐሞቱ ከፈረሰ የነካው ሥጋ ይመራል፤ የተነካውን ቦታ ቆርጦ መጣል እንጂ ማጠብ አያድነውም።

ሌላው የሐይቁ ዓሣ፣ አምባዛ (ካትፊሽ)፣ ከዚህ ሁሉ ችግር ነፃ ነው ማለት ይቻላል። ከስንጥቡ ሌላ ከአየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል ስላለው ከውሃ ወጥቶም ለሰዓታት ይኖራል። በብዛት የሚያዘውም ረጅም ገመድ ላይ በተደረደሩ መንጠቆዎች ስለሆነ ከነሕይወቱ ገበያ ይደርሳል። ስለዚህ አምባዛ ስትገዙ የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ይንቀሳቀሳል? ካልተንቀሳቀሰ ለምን ትገዙታላችሁ?

ለዚህ ሁሉ ጥሩው ሰዓት ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ነው። ከ4 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ ይበረታል፤ በረዶ የሌለበት ጠረጴዛ ላይ ያለው ዓሣ ጥራቱ በየሰዓቱ ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ የሚመጣ እንግዳ ተጠብሶ የቀረበለትን ቢበላ ይሻለዋል እንጂ ጥሬውን ይዞ ለመሄድ ባይገዛ እመክራለሁ።

አሁን ወደ መጠኑ። በሐዋሳ ሐይቅ ቆሮሶ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚራባው 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ነው፤ ይህም የአንድ አዋቂ ሰው ስንዝር ያህል ነው። መለኪያ መያዝ አያስፈልግም፤ እጃችሁን ዘርግታችሁ ከአፉ እስከ ጅራቱ ጫፍ ለኩት። ስንዝር ካልሞላ አንድም ጊዜ ልጅ ሳይተካ የተያዘ ነው። እንዲህ ያለው ከ150 ግራም አይበልጥም፤ ጭንቅላቱ፣ አጥንቱና ሆድቃው ሲወጣ ከሁለቱ ጎን የሚገኘው ሥጋ 50 ግራም ነው። ፊሌቶ ሆኖ ክምር ላይ ሲታይ ግን ከትልቅ ዓሣ የተቆረጠ ቁራጭ ይመስላል። ጠባብ ዓይን ያለው መረብ ገበያ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ተወጥሮ ሲለካ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ የመረብ ዓይን ትንንሾቹን ያሳልፋል፤ ከ8 በታች ሲወርድ ገና ያልተራቡት ይታነቃሉ። ዳር ዳሩን የሚጎተተው መረብ ደግሞ የባሰ ነው፤ ወንዱ ቆሮሶ ጎጆውን የሚቆፍረው በዚያው ጥልቀት በሌለው ሣራማ ዳር ስለሆነ ጫጩቱንም ጎጆውንም አንድ ላይ ይጠርገዋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 አለ፤ ተቆጣጣሪዎችም አንዳንድ ጊዜ መረብ ሰብስበው ያቃጥላሉ። ይሁን እንጂ ትንሹ ዓሣ ፊሌቶ ሆኖ ተደብቆ እስከተሸጠ ድረስ ያ መረብ ተመልሶ ይገዛል። ገዥው ሙሉ ዓሣ ብቻ ቢጠይቅ ስንዝር የማይሞላውን የሚያነሣ አይኖርም።

ይህ ነገር በዐቢይ ጾም ይበረታል። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ትቼ የገበያውን ብቻ ልናገር፦ በእነዚያ 55 ቀናት የዓሣ ፍላጎት ከዓመቱ ሁሉ የላቀ ነው። በሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ ቆሮሶ አብዝቶ ከሚራባባቸው ሁለት ወቅቶች አንዱ ከጥር እስከ መጋቢት ያለው ነው። ሁለቱ ይገጥማሉ። ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏን ወንዱ በቆፈረው ጎጆ ከጣለች በኋላ አፏ ውስጥ ትሰበስበዋለች፤ ተፈልፍለው ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ ለሁለት ሳምንት ገደማ አፏ ውስጥ ይዛ ትቆያለች፤ በዚያ ጊዜ ውስጥም ምግብ እምብዛም አትቀምስም። በመረብ ስትያዝ አብዛኛውን ትተፋዋለች። በጾም ወራት የምትገዙትን ዓሣ አፍ ከፈት አድርጋችሁ ብታዩ አልፎ አልፎ የቀሩ ቢጫ እንቁላሎች ታገኛላችሁ፤ ሆዷም ባዶ፣ ሥጋዋም የሳሳ ይሆናል። በዚያ ወቅት አምባዛ መብላት ለኪስም ለሐይቁም ይሻላል። አምባዛ አይጥመኝም የሚሉ ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ ያልጣማቸው አሠራሩ ነው፣ እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የየት ሐይቅ ዓሣ እንደሆነ ማወቅም አንድ ነገር ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ለገበያ የሚሰጠው ሦስት ዓሣ ነው፦ ቆሮሶ፣ አምባዛ እና ቢልጫ። ነጭ ዓሣ የሚባለው፣ ፊሌቶው ወፍራምና ሰፊ የሆነው፣ እዚህ ሐይቅ ውስጥ የለም፤ ከአባያና ከጫሞ በኩል የሚመጣ ነው። መጥፎ ዓሣ ነው ማለቴ አይደለም፤ ለኮተሌት እንዲያውም ይመረጣል። ነገር ግን ሐዋሳ ሆቴል ተቀምጣችሁ ከመስኮቱ በሚታየው ሐይቅ ስም የቀረበላችሁ ሥጋ ከሁለት ጣት በላይ ውፍረት ካለው መንገድ ተጉዞ የመጣ፣ ምናልባትም በረዶ ሆኖ የከረመ ነው። የቆሮሶ ፊሌቶ ቀጭን ነው፤ በመሃሉ ቀላ ያለ መስመር አለው። የአምባዛው ረዘም፣ ላላ ያለና ቀለሙ ወደ ሮዝና ቢጫ የሚያደላ ነው።

ቢልጫን በሚመለከት አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ትልልቁ ቢልጫ ትንንሽ ዓሦችን ይበላል፤ በዚህ ምክንያት በሐዋሳ ሐይቅ ትልልቅ ቢልጫ ሥጋ ውስጥ ከቆሮሶ የበለጠ ሜርኩሪ መከማቸቱ በጥናት ታይቷል። ሜርኩሪ በመጥበስም በመቀቀልም አይወጣም። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናትና ሕፃናት ትልቅ ቢልጫ ደጋግመው ባይበሉ ይመረጣል። ቆሮሶ ለእነሱም ጥሩ ምግብ ነው።

ጥሬ ዓሣ ወደሚለው ምክር ልምጣ። እዚህ ላይ ብዙ ወዳጆች እንደማላተርፍ አውቃለሁ። በሐዋሳ ሐይቅ ቆሮሶ ላይ በተደጋጋሚ የታዩ ሁለት ዓይነት ትሎች አሉ። አንዱ ክር የሚመስል፣ የተጠቀለለ፣ ነጣ ወይም ቀላ ያለ ሲሆን ከስንጥቡ በስተኋላ በልቡ ዙሪያ ይቀመጣል። ሁለተኛው ቢጫ፣ ምስር የሚያክል እብጠት ሆኖ ጉሮሮው አካባቢ ይታያል። ሁለቱም የሚገኙት ፊሌቶ ሲወጣ ከጭንቅላቱ ጋር በሚጣለው ክፍል ነው፤ ስለዚህ ሥጋውን ብቻ ያየ ሰው ዓሣው ትል እንደነበረበት የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ሆድቃው ሳይወጣ በዋለ ቁጥር ደግሞ ትሉ ወደ ሥጋው የመሻገር ዕድል ያገኛል። በደንብ በበሰለ ዓሣ ትሉ ይሞታል፤ ስለዚህ ለጥብስና ለሾርባ የሚያስፈራ ነገር የለም። ለጥሬ ግን ሎሚም፣ ሚጥሚጣም፣ ዳጣም፣ ከላዩ የሚወርደው አረቄም አይገድሉትም። ሎሚ ሥጋውን ያነጣዋል፤ የበሰለም ያስመስለዋል። ትሉን የሚገድለው ቅዝቃዜ ነው፦ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ 7 ቀን። የቤት ፍሪጅ ማቀዝቀዣ አብዛኛውን ጊዜ ከዜሮ በታች 18 አካባቢ ነው፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ደግሞ ይመለሳል። በዚያ ላይ የሚቆርጠው ቢላ፣ ጣውላውና ባልዲው አሉ። ከተማዋ ያጠበችው ሁሉ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ ሐይቁ በጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል ይገባለታል እንጂ ከላይ የሚወጣበት ወንዝ የለውም። በዚያ ውሃ የታጠበ ፊሌቶ ሳይበስል ሲበላ የሚያስከትለውን የሆድ ሕመም ሁሉም ያውቀዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱን ለሚጥሚጣው ይሰጠዋል።

በነገራችን ላይ የዓሣው ትሎች የሚያድጉትና እንቁላል የሚጥሉት ዓሣ በል ወፎች አካል ውስጥ ነው። እንግዳው ለፎቶ ብሎ ሆድቃና ጭንቅላት ለወፎቹ ሲወረውር ዑደቱን እያገዘ ነው። አባ ኮዳ ያለ እናንተ ግብዣም ከገበያው ይጠግባል፤ ይልቁንም ፌስታሉን አትጣሉ፣ እሱንም ይውጠዋልና።

ሙሉውን ዓሣ መርጣችሁ ከገዛችሁ በኋላ ፊሌቶ ከፈለጋችሁ አጠገባችሁ አስወጡት። ፊሌቶ የሚያወጡት ልጆች እጅግ የሰለጠኑ ናቸው፤ አንዱን ቆሮሶ ደቂቃ ሳይሞላ ይጨርሱታል። ሥራውን እንዲህ ተከታተሉት፦ ቢላው ከጎን ክንፉ በስተኋላ ሰያፍ ሆኖ እስከ አከርካሪው ይወርዳል፤ ከዚያ ጋደም ብሎ አከርካሪውን እየተከተለ እስከ ጅራት ይሄዳል፤ ሆድ ጋ ሲደርስ የጎድን አጥንቱን ይዘላል እንጂ ወደ ሆድቃው አይገባም። ከጅራቱ በኩል ቆዳው በጣት ተይዞ ቢላው በጋደመበት ይገፋል። አንዳንዱ ለፍጥነት ሲል ቆዳውን በጥርሱ ነክሶ ይገፈዋል፤ ጥበቡ ቢደነቅም «በቢላ አድርግልኝ ወንድሜ» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ፣ ያደርገዋል። በመሃሉ ቀይ መስመር ላይ ከፊት በኩል አጭር የአጥንት ረድፍ አለ፤ ግራና ቀኝ በጠባቡ ተቆርጦ ካልወጣ ሕፃን ጉሮሮ ውስጥ የሚገባው እሱ ነው።

ሁለት ነገር ላይ ጠንከር በሉ። አንደኛ፣ ፊሌቶው ባልዲ ውስጥ አይዘፍዘፍ። የተዘፈዘፈ ሥጋ ውሃ ይጠጣል፣ ክብደት ይጨምራል፣ ስትጠብሱት ያንኑ ውሃ መልሶ ይለቅና ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም፤ ባልዲው ውስጥ ያለውን ሁሉ ይዞ መምጣቱ ሳይቆጠር ነው። ሁለተኛ፣ ጭንቅላቱንና አጥንቱን ተቀበሉ። ከሦስት ኪሎ ሙሉ ቆሮሶ የሚገኘው ፊሌቶ አንድ ኪሎ ገደማ ነው፤ ስለዚህ የከፈላችሁበት ሁለት ሦስተኛ እዚያው ይቀራል። ሾርባው ያለው ደግሞ እዚያ ነው።

ለሾርባው ስንጥቡን ከጭንቅላቱ ቆርጣችሁ ጣሉ፤ ካልወጣ ደሙ ያመርረዋል፣ ያጠቁረዋልም። ለሁለት ኪሎ ጭንቅላትና አጥንት አራት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ይበቃል። ቀዝቃዛ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ፈላ ውሃ ውስጥ ከገባ አረፋው ሳይወጣ ሾርባው ይደፈርሳል። መፍላት ሲጀምር አረፋውን ግፈፉ፣ እሳቱን ቀንሱ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቁንዶ በርበሬ ጨምሩ። ከ30 እስከ 40 ደቂቃ በቂው ነው። የበሬ አጥንት ልማድ ይዞን ግማሽ ቀን የምናንተከትክ አለን፤ የዓሣ አጥንት ግን ከቆየ ይፈርስና ሾርባው እንደ ሙጫ ይሆናል፣ ጣዕሙም ወደ መራራነት ይሄዳል። በጥሩ ማጥለያ አጥልሉት፤ ካሮትና ድንቹ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጨውና የተከተፈ ቃሪያ ሊወርድ ሲል። ከጉንጩ የሚገኘውን ሁለት ቁራጭ ሥጋ ለቅማችሁ መልሱበት፤ ከዓሣው ሁሉ የሚጣፍጠው እሱ ነው።

ለጥብስ ከ250 እስከ 300 ግራም ያለው ሙሉ ቆሮሶ ይመረጣል። ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ሆድቃውና ስንጥቡ ወጥቶ፣ ጎንና ጎኑ በሁለት በሁለት ሴንቲ ሜትር ልዩነት እስከ አጥንቱ ይተለተላል። ትልተላው ለውበት አይደለም፤ ዘይቱ አጥንቱ ዘንድ ካልደረሰ ውጭው ሲቃጠል ውስጡ ደም ይሆናል፤ ትንንሾቹ አጥንቶችም ተሰባብረው የሚጠበሱት በዚያ ነው። ጨው ቀብታችሁ 10 ደቂቃ አቆዩት፣ የሚወጣውን ውሃ በጨርቅ አድርቁ። ዘይቱ ውስጥ የእንጨት ማንኪያ ጫፍ ስትነክሩ ዙሪያውን ቶሎ ቶሎ አረፋ ካወጣ ደርሷል። ዓሣው ግማሽ አካሉ በዘይት ይሸፈን፤ ከ7 እስከ 8 ደቂቃ፣ አንዴ ብቻ ይገልበጥ። ሁለት ሦስቱን ባንዴ ከከተታችሁ ዘይቱ ይቀዘቅዛል፣ ዓሣውም ዘይት ይጠጣል። ቆዳው ድስቱ ላይ ከተጣበቀ ወይ አልደረቀም ወይ ዘይቱ አልጋለም። በየምግብ ቤቱ ደግሞ ዘይቱን ተመልከቱ፤ ቡና የመሰለና ገና ሳይግል የሚጨስ ከሆነ ሾርባ አዝዛችሁ ውጡ።

ከጥብሱ ጋር ዳጣ ጠይቁ፣ የሐዋሳ ጥብስ ያለ ዳጣ ግማሽ ነው። የሚያቃጥል አረንጓዴ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ድንብላልና ጨው አብሮ ተፈጭቶ የሚሠራ ነው። ቀለሙ ደማቅ አረንጓዴ ከሆነ የዕለቱ ነው። ዓሣ ግን የሐዋሳ ምግብ እንጂ የሲዳማ የክብር ማዕድ አለመሆኑን እንግዳ ይወቅልን፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ በተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ጨምበላላ በዓል፣ ሻፌታ በሚባለው ባህላዊ ገበታ የሚቀርበው ከቆጮና ከቅቤ የሚሠራው ቡርሳሜ ነው። ጉዱማሌ በሚባለው የበዓሉ አደባባይ በዓሉን ለማየት የሚመጣ ሰው ዓሣ ካልቀረበልኝ ቢል ያስተዛዝባል።

ዱለቱ በፍጥነት ይሠራል ወይም ይበላሻል። የዓሣ ሥጋ ከበሬ ሥጋ ባነሰ ሙቀት ስለሚበስል ሽንኩርቱና ቃሪያው አስቀድመው በጋለ ምጣድ ይቁላሉ፤ የተከተፈው ዓሣ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ በከፍተኛ እሳት ከ3 እስከ 4 ደቂቃ። እሳቱ ካነሰ ውሃ ያወጣል፤ ውሃው እስኪመጥ ሲጠበቅ ሥጋው እንጨት ይሆናል።

አምባዛን አይጥመኝም ለሚሉት፦ የጭቃ ጠረን ያለው ቆዳው ሥርና በጎኑ በሚሄደው ጥቁር ቀይ ሥጋ ውስጥ ነው። ቆዳው ይገፈፍ፣ ያ ቀይ ሥጋ በቢላ ተልጦ ይጣል፣ የቀረው በሁለት ሎሚ ጭማቂና ጨው ለ20 ደቂቃ ይታሽ። ሎሚ ትል ባይገድልም ይህን ጠረን ያጠፋል። ከዚያ በበርበሬና በቲማቲም ለጉላሽ ከቆሮሶ ይሻላል፤ ስለማይፈራርስ።

ለከተማው አስተዳደር የምለው አጭር ነው። ገበያው ላይ የቧንቧ ውሃና የበረዶ ማሽን ያስፈልጋል። በረዶ በኪሎ የሚሸጥበት ቦታ ቢኖር አስጋሪው ጀልባው ላይ ይዞት ይወጣ ነበር፤ ዓሣው ቀኑን ሙሉ ደህና ስለሚሆንለትም ጠዋት በተባለው ዋጋ ለመሸጥ አይገደድም ነበር። የመግቢያ ሒሳብ የሚከፍለው ጎብኚ ገንዘቡ እዚህ ላይ ቢውል ቅር አይለውም።

ወደ አዲስ አበባ ይዛችሁ ለምትሄዱ፦ መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የምሳ ማረፊያውን ጨምሮ አምስትና ስድስት ሰዓት ይፈጃል። በፌስታል ተቋጥሮ መቀመጫ ሥር የሚጓዝ ፊሌቶ መድረሱ አይቀርም፤ የሚደርሰው ግን ሌላ ዓሣ ሆኖ ነው። ሆድቃና ስንጥቡ የወጣለት ሙሉ ዓሣ ከፊሌቶ የተሻለ ይጓዛል፤ ቆዳውና ቅርፊቱ ይጠብቁታል። ክዳን ያለው የፎም ሳጥን አግኙና ከሥሩ በረዶ፣ ከዚያ ዓሣ፣ ከዚያ በረዶ እያደረጋችሁ ደርድሩ፤ ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ። የሳጥኑን አንድ ጥግ ከታች በሚስማር ብሱትና የሚቀልጠው ውሃ በሌላ ዕቃ ይጠራቀም፤ ዓሣው በቀለጠ ውሃ ውስጥ መንሳፈፍ የለበትም። ፊሌቶ ከሆነ በላስቲክ ተጠቅልሎ በረዶው መሃል ይግባ እንጂ በረዶው በቀጥታ አይንካው። ቤት ስትደርሱ በረዶው ካልቀለጠ ዓሣውን በማግስቱም ማብሰል ትችላላችሁ። ከቀለጠና ዓሣው በእጅ ሲነካ ለብ ካለ ወደ ማቀዝቀዣ አታስገቡት፤ በዚያው ምሽት ጥበሱት።

ከአክብሮት ጋር
የሐዋሳ ነዋሪ የሆንኩ አንባቢያችሁ